የማይጠብቅ ዘፈን

መብራት የጠፋው ቅዳሜ ጠዋት፣ ድምፅ ጠጋኙ ሽቦ የአንድ ምግብ ቤት ድምፅ ማጉያ ሆዱን ዘርግፎ ጠረጴዛው ላይ ባጋደመበት ሰዓት ነው። የመበየጃው ብረት በእጁ ላይ ቀዘቀዘ፣ ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ፣ ከራሱ በላይ ያለው ጣሪያም ጸጥ አለ። ያስደነገጠው የጣሪያው ጸጥታ ነው። ከጣሪያው በላይ ያለው ክፍል የአባቱ ነው፤ ከዚያ ክፍል ደግሞ ስንት ወር ሙሉ፣ ከቁርስ እስከ እራት፣ ዘፈን ተቋርጦ አያውቅም። ሽቦ አንገቱን ቀና አድርጎ ጠበቀ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ድምፅ ሰማ። በመጀመሪያ የጎረቤት ሕፃን መሰለው፤ ቀጥሎ ድመት መሰለው። ድምፁ ይነሣና ሁለት እርምጃ ያህል ሄዶ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሣል፣ እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል። የሰው ማጉያ ሲንኮሻኮሽ ከመንገድ ማዶ ሰምቶ የትኛው ሽቦ እንደተበጠሰ የሚናገር ሰው፣ የገዛ አባቱን ድምፅ ለመለየት ይህን ያህል ጊዜ ወሰደበት። ብረቱን አስቀምጦ ወደ ደረጃው ወጣ።

ሽቦ የሚሉት ቀጭን ስለሆነ ይሁን ሽቦ ሲቀጥል ስለሚውል፣ ይህ ጉዳይ በሰፈሩ እስከ ዛሬ አልተቆረጠም። አማቱ እንኳ ሽቦ ነው የምትለው። አባቱ ደግሞ ቀለም ቀቢ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰው ባዶ ባደረገው ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ወጥተው ሲቀቡና ሲዘፍኑ ነው የኖሩት። ባዶ ክፍል ድምፅ ይወዳል ይሉ ነበር። ግድግዳዋ ገና ሳይላጥ ዘፈናቸው ናፍቋት ያስቀባች ሴት አለች እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ እሳቸውም ሐሰት ነው ብለው አያውቁም። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን የሰው ሳሎን እየቀቡ ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው ሊያነሡት ሲሉ እሳቸውም ወደቁ። ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈስሶ ነበር። ሞትስ አለፋቸው፤ ቀኝ እጃቸውና ምላሳቸው ግን ታሰረ። ከቋንቋው ሁሉ የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ናት፤ «እሺ» የምትባለዋ። ሲርባቸውም እሺ፣ ሲናደዱም እሺ፣ አልፈልግም ለማለትም እሺ። ከሰዉ ጋር ተጣልተው የማያውቁ ሰው ነበሩና፣ የቀረችላቸውም ይህቺው ሆነች።

ሐኪሞቹ ናቸው ወደ መዝሙሩ የላኳቸው። መዝሙሩ የሚባለው በጤና ጣቢያው አዳራሽ በየቅዳሜው ጠዋት የሚሰበሰብ የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ቡድን ነው። የምትመራቸው ከትምህርት ቤት በጡረታ የወጣች የሙዚቃ መምህርት ናት። ሽቦ አባቱን ደግፎ ባስገባበት በመጀመሪያው ቀን ሴትዮዋ ጉልበታቸው አጠገብ ተቀምጣ ግራ እጃቸውን ያዘችና አንድ የድሮ ዘፈን ቀስ ብላ ጀመረች። «ውኃ» ማለት የማይችሉት ሰው አንድ አንጓ ዘፈን ከነቃሉ አወጡት። ሽቦ አፉን በእጁ ያዘ። «የመናገሪያው መንገድ ነው የተዘጋባቸው» አለችው መምህርቷ። «የመዝፈኛው በሌላ በኩል ነው የሚሄደው። እኛ በዚያ በኩል አሳብረን ቃሉን እናወጣዋለን። ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።» አላጋነነችም። በወሩ አባትየው ውኃ ሲፈልጉ «ውኃ ስጡኝ» ብለው ማዜም ጀመሩ። በኋላም «ውኃ» የምትለዋ ያለ ዜማ አፈትልካ ትወጣ ጀመር። ቤተሰቡ ያቺን ቃል ለመስማት ሲል ሳይጠማቸው ያጠጣቸው ነበር።

ዳሩ ግን ቅዳሜ የሱቁ ገበያ ነው። ማታ ድግስ ያለበት ሁሉ ማጉያው እንደማይሠራ ትዝ የሚለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሽቦ አባቱን አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ ያስቀምጥና «መጣሁ አባዬ» ብሎ ይሮጣል። ሲመለስ ሰዉ ሁሉ ሄዷል፤ አባቱን ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ብቻቸውን፣ ወንበሮች በተቆለሉበት አዳራሽ መሐል ተቀምጠው ያገኛቸዋል። አንድ ቀን በመንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣለት። መድኃኒቱ ዘፈን ከሆነ መድኃኒት ቤቱ የእኔ ሱቅ አይደለም እንዴ አለ። ሚስቱ የእውነተኛ መድኃኒት ቤት ሻጭ ናትና ሳቀችበት። እሱ ግን የሚቀለድበት ጉዳይ አላደረገውም። ሳምንቱን ሙሉ ከደንበኛ ሥራ እየሰረቀ ከጥሩ እንጨት ሳጥን ሠራ፣ ያለውን ምርጥ ማጉያ ገጠመበት፣ የአባቱን ዘመን ዘፈኖች ከየቦታው ለቅሞ ጩኸታቸውን አጣራ። የዘፋኙ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል። በከፈተው ቀን አባቱ አለቀሱ፤ ደስታ ነው ብሎ እሱም አብሮ አለቀሰ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ዓይቶ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» እያለ ወጣ። መምህርቷ ደውላ ለምን እንደቀሩ ስትጠይቀው፣ «አይዞሽ እትዬ፣ ቤታችን ውስጥ ከናንተም የተሻለ ሙዚቃ አለ» አላት። ያን ጊዜ በመልሱ ረክቶ ነበር።

አሁን ደረጃው መሐል ላይ ሚስቱ የታጠበ ልብስ በባልዲ ይዛ ቆማለች። ከላይ ድምፁ ተነሥቶ ወደቀ። ተያዩ።

«ዛሬ ገና ነው የሰማሃቸው?» አለችው።

«ምን እያደረገ ነው?»

«እየዘፈኑ ነዋ። መጀመሪያ መጀመሪያ ካንተ ዘፈን ጋር አብረው ይሞክሩ ነበር። ዘፈኑ ግን አይጠብቅም። እሳቸው አንዱን ቃል ሳይጨርሱ እሱ ሌላ ቤት ገብቷል። ሲሮጡ ሲሮጡ ደከማቸው፣ ተዉት። አሁን የሚሞክሩት መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ባልዲውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «ደስ ብሎህ ነበራ» አለች። «እንዴት ብዬ ልንገርህ?» ከዚያ ልብሱን ለማስጣት አልፋው ወጣች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በዚያ ኮሪደር የሚያልፈው ሁሉ፣ ተከራዩም ውኃ ቆጣሪ አንባቢውም ሳይቀር፣ የሽማግሌው ድምፅ እየጠፋ መሄዱን ያውቅ ኖሯል። ያላወቀው ድምፅ ጠጋኙ ብቻ ነበር።

የአባቱ ክፍል ጠባብ ናት። ግድግዳዋን ራሳቸው በጤናቸው ጊዜ ቀለል ባለ አረንጓዴ ቀብተዋታል፤ ጥግ ጥጉ ላይ እንኳ የብሩሽ ሰበዝ አይታይም። አልጋ፣ ሽንት ቤት የሚያደርስ ብረት መደገፊያ፣ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ የመድኃኒት ጠርሙሶች። ያ ሳጥን መደርደሪያ ላይ ጉብ ብሏል። ቀድሞ ወንበራቸው ወደ መስኮቱ ዞሮ መንገዱን ያዩበት ነበር፤ ሽቦ ድምፁ ከፊት እንዲመጣላቸው ብሎ ወደ ሳጥኑ ካዞረው ቆይቷል። ሰውዬው ስንት ወር ሙሉ የሰው አፍ እንደሚያዩ ሆነው ሳጥን ሲያዩ ከርመዋል። ልጃቸው በር ላይ ሲቆም ዝም አሉ። ጥፋት ላይ እንደተያዘ ሰው ዓይናቸውን ሰበሩና ግራ ጣታቸውን ወደ ሳጥኑ ቀስረው «እሺ» አሉ፤ ጠፍቷል ለማለት ነው።

«እሱን ተወው አባዬ። አንተ ቀጥል እስቲ።»

በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽቦ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለና እንዳይሆን እንዳይሆን አድርጎ ዘፈኑን ራሱ ጀመረላቸው። የሱ ድምፅ ቁራ ሊያስቀና የሚችል ስለሆነ በሕይወቱ ሰው ፊት ዘፍኖ አያውቅም። አባቱ አፋቸውን ከፈቱ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ወጣች፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከሩ። የደረታቸው ትንፋሽ ራሱ አንሷል፤ አንድ አንጓ ዘፈን ይሸከም የነበረው ደረት አሁን ግማሽ ቃል ላይ ያልቅበታል። «ውኃ በልልኝ አባዬ» አለ ሽቦ ሳያስበው። «ውኃ። ቀድሞ ትለው ነበር እኮ።» አባቱ አዩት፣ ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ፣ ተጨነቁ። «እሺ» አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለሱ ነው። ጃኬታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረደና ቀድሞ ሽባውን እጅ፣ ቀጥሎ ደህናውን እጅ አስገባላቸው። ታች ሱቁን ሲቆልፍ የምግብ ቤቱ ባለቤት እየደወለ ስልኩ ይጮህ ነበር፤ አላነሣውም።

የታክሲው ሾፌር ሽማግሌ ማስገባትና ማውረድ ጊዜ ይወስዳል ብሎ ዋጋውን እጥፍ አደረገው። ሌላ ቀን ቢሆን ሽቦ ሰፈር እስኪሰበሰብ ይከራከር ነበር፤ ዛሬ ግን እሺ ብሎ ገባ። ትንሽ እንደሄዱ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ።

«ዝጋልን ወንድሜ» አለ ሽቦ።

«ምነው? ዘፈን አትወዱም?»

አባቱ በመስኮት የሰውን ቤት ግድግዳ ያያሉ፤ አንዳንዱን እሳቸው የቀቡት ይሆናል። ሽቦ ብዙ ሊላቸው የፈለገው ነገር ነበረው። እኔ ጥሩ ያደረግሁ መስሎኝ ነው ሊል ፈለገ። አባቱ ቋንቋ ስለሌላቸው ነው ዝም ያሉት፤ እሱ ግን ምላሱ ደህና ሆኖ ሳለ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም። ይቅርታ መጠየቅ የፈለገው «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የሌለውን ሰው ነው፤ ያ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ አይባልም።

አዳራሹ እንደነበረ ነው። ቀዝቃዛ ወለል፣ የመድኃኒት ሽታ፣ ግድግዳው ላይ ስለ ክትባት የሚናገሩ ወረቀቶች፣ ክብ ሠርተው የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች። አዛውንቶቹ ገና ሲያዩዋቸው «ቀቢው መጣ! ቀቢው መጣ!» እያሉ እንደ ልጅ ተንጫጩ። ከቡድኑ አንዱ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ተነሥቶ አቀፋቸው፤ ሽቦ የሚያውቀው ዳኛ ሁለት ደረጃ ወጥቶ የሚያለከልክ፣ ባለ ደካማ ሳንባ ሰውዬ ነበር። አሁን ድምፁ ሞልቷል፣ ያለ ዱላ ይሄዳል። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከሰው ጋር ቃል የማትለዋወጥ የነበረችው አዋላጅ ነርስ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ተደጋግፋ ትስቃለች። ሁሉም ወደፊት ሄደዋል። አባቱን ሲያዩ ግን ሳቃቸው ቀስ እያለ ቀነሰ፤ የቀነሰበት ምክንያት ለሽቦም ገባው። ሰውዬው ከስተዋል።

መምህርቷ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። ያ ደግሞ ከወቀሳ ይብስ ነበር። ወንበሯን ስባ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች፣ ግራ እጃቸውን ይዛ ጉልበታቸው ላይ በዝግታ መታ መታ እያደረገች አንድ አጭር ዜማ አንጎራጎረች። አባትየው ዜማውን ያውቁታል፤ ዓይናቸው በራ። አብረው አንጎራጎሩ። ቃሉ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቅርጹን ያዘ፣ ድምፅ ግን አልነበረም። ዜማውን አቁማ ጠበቀቻቸው። ሽቦ ሰው እንዲህ ሲጠብቅ ዓይቶ አያውቅም፤ ፊቷ ላይ መቸኮል የሚባል ነገር የለም፣ ማዘንም የለም፣ በቃ ትጠብቃለች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገና ቃሉ ላይ ቆሙ። የአባቱ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። «ዛሬ ይበቃናል» አለች ለስለስ ብላ፣ እጃቸውን ሳትለቅ። ከዚያ ተነሥታ ሽቦን በዓይኗ ወደ መስኮቱ ጠራችው።

«ይመለሳል?» አላት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ።

«ሐኪም አይደለሁም» አለች። «ጥቂት ጥቂት ይመለሳል ብዬ አስባለሁ። በየሳምንቱ ካመጣሃቸው፣ ቤትም አብራችኋቸው ከዘፈናችሁ። ግን አልዋሽህም። ያኔ በሽታው ገና ትኩስ ስለነበር ቃል በቃል ላይ ይጨምሩ ነበር። ያ ጊዜ አልፏል። የያዙትንም ብዙውን ለቀውታል። አሁን የምንጀምረው ከመጀመሪያውም ወደ ኋላ ሄደን ነው።»

«እኔ ዘፈን ነው ብዬ…» አለና አልጨረሰውም።

«መስማትም ደግ ነው። መስማት ያጽናናል። እሳቸውን ሲያናግራቸው የነበረው ግን የራሳቸው ትንፋሽና የሚጠብቃቸው ሰው ነው።» መስኮቱን ተደግፋ ወደ ሽማግሌው አየች። ልንገረው ወይስ ልተወው የምትል መሰለች። «ያች አሁን የሞከርናት ምን እንደሆነች ታውቃለህ?»

አላወቀም።

«እያንዳንዳቸውን ከሁሉ በፊት ምን ማለት እንደሚፈልጉ እጠይቃቸዋለሁ። በፈለጉት ቃል ላይ ዜማ እንሠራና ሁላችንም እናጠናዋለን። አባትህን ምግብ? አልኳቸው፣ አይደለም ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። መድኃኒት? አይደለም። አመመኝ የሚለውን? አይደለም። በኋላ ወደዚያ በር አመለከቱ። አንተ በወጣህበት በር። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር መታ መታ አደረጉ። በሩን ያመለክታሉ፣ ወንበሯን ይመታሉ። ደጋግመው። ሲገባኝ እኔም አላስቻለኝም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል። ይኸው ናት። አንድ ወር ፈጀብን። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ቃል ሳይጥሉ ብቻቸውን አሏት። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ያን ቀን አንተ ዘግይተህ፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው የመጣኸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድመህ ና ብዬ ልለምንህ፣ ቆመህ እንድትሰማት ልናደርግ ተስማማን። እሳቸውም ተላጭተው እንዲመጡ ነግሬያቸው ነበር።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሳጥኑ የተከፈተበት ቀን ነው። ሽቦ ያን ጠዋት አስታወሰ፤ አባቱ በደህናው እጃቸው ምላጩን ይዘው ሲታገሉ ደርሶ፣ ዛሬ የትም አንሄድም ብሎ ከእጃቸው ወስዶባቸው ነበር። ወይ ነዶ! ማንም ሰው ክፉ ሳይሆን እንዲህ ያለ ነገር ሊሠራ ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም። የመስኮቱን ፍሬም ቀለም በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። እጁን ያዘችና አስተወችው።

ወደ ክቡ ሲመለሱ ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። የሆነውን ሁሉ ከርቀት የተረዳ ይመስላል። «እስቲ ያችን የቀቢውን እንበላት» አለ፤ ማንም ምን ማለቱ ነው ብሎ አልጠየቀም። ስንት ቅዳሜ አብረው ያጠኗት ነገር ናት፤ ባለቤቷ ከቀሩ በኋላም አልረሷትም። መምህርቷ እጇን አነሣች። ዜማዋ ቀላል ናት፣ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ሕፃን እንኳ ሊይዛት ይችላል። «ልጄ ና» አሉ አዛውንቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ፣ ወደ ሽቦ ዞረው፣ «አጠገቤ ቁጭ በል።» ሽቦ ቆሞ ሰማ። ጆሮው ሳያዘው በልማዱ ሥራውን ጀመረ። የዳኛው ወፍራም ድምፅ ይኸውና፣ የልብስ ሰፊዋ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይኸውና፣ ነርሷ ከሁሉ በላይ ወጥታለች፣ ጥግ ያለው ሽማግሌ ዜማውን ትንሽ ስቶታል። አንድ በአንድ ለየ፣ አንድ በአንድ ወደ ጎን አደረገ። አባቱ መሐላቸው ተቀምጠው ዓይናቸውን ልጃቸው ላይ ተክለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሌላውን ሁሉ ድምፅ ለይቶ ሲጨርስ፣ የአባቱ ድምፅ በውስጡ አልነበረበትም።

አዛውንቶቹ ጨርሰው ጠበቁት። አሁንም ቆሞ ስላገኙት ከመጀመሪያው ጀመሩለት። ያን ጊዜ ሽቦ ክቡን አቋርጦ ሄደና አባቱ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ዘፈኑ አለቀ። አዳራሹ ጸጥ ሲል አባቱ ግራ እጃቸውን የልጃቸው ጉልበት ላይ አሳርፈው፣ አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ አሁንም ይታገሉ ነበር። ሰዎች ብለውላቸዋል፣ ልጃቸውም ተቀምጧል፤ እሳቸው ግን ገና አላሉትም።